በር ዘግቶ «እመኑኝ» ማለት አይቻልም!
የሼኽ ኑሩ ይማም ግድያ እና የመንግስት የሚስጥር አሰራር

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም



የረመዳን ወር ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሐሙስ ሰኔ 27/2005፣ ሼኽ ኑሩ ይማም በደሴ ከተማ በጥይት ተገደሉ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን! አላህ ይዘንላቸው፤ ለቤተሰቦቻቸውም ሶብሩን ይስጥ።

ከሁሉ በፊት አቋማችንን በማያሻማ ቋንቋ እንናገር። ይህ ግድያ ወንጀል ነው፤ ሐራም ነው። ሼኽ ኑሩ ስለ መብት ጥያቄያችን የነበራቸው አመለካከት ከእኛ የተለየ እንደነበር አገር ያወቀው ነው። የአመለካከት ልዩነት ግን የማንንም ደም ሐላል አያደርግም። አንዲትን ነፍስ ያለ ሐቅ ያጠፋ የሰውን ልጅ ሁሉ እንዳጠፋ እንደሚቆጠር ከሱረቱል ማኢዳ ተምረናል፤ በየመድረሳው ለህፃናት የምናስተምረውም ይህንኑ ነው። በዱዓና በተክቢራ፣ እጆቻችንን አጣምረን ወደ ላይ በማንሳት አንድ ዓመት ተኩል የዘለቀ ትግል ያካሄድን ህዝብ ነን። ጥይት ቋንቋችን ሆኖ አያውቅም፤ አይሆንምም።

ይህን ካልን በኋላ የሟቹን ደም ከሚገባው ፍትህ ሊያርቀው ስለሚችል ሌላ ጥፋት እንናገራለን። እሱም የመንግስት ሚስጥረኝነት ነው።

ምርመራው ሳይጠናቀቅ የተሰጠ ፍርድ

ሰው ሲገደል ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ። ማን ተኮሰ? ማንስ አስተኮሰ? ለሁለቱም ተገቢውን መልስ ሊሰጥ የሚችለው በማስረጃ የሚመራ ገለልተኛ ምርመራ እና በሩ ለህዝብ ክፍት የሆነ ፍርድ ቤት ነው። በደሴው ግድያ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የመንግስት ሚዲያዎች ግድያውን ከህዝበ ሙስሊሙ ሰላማዊ የመብት ጥያቄ ጋር ለማያያዝ ጊዜ አልፈጀባቸውም። «አክራሪዎች ገደሏቸው» ተባለ። ሰልፍ ተጠራ፤ መፈክር ተሰማ። የገዳዩ ማንነት በፍርድ ሳይረጋገጥ ገዳዩ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ታወጀ።

«አክራሪ» የሚለውን ቃል ልብ በሉልን። ስም የለውም፤ አድራሻ የለውም፤ በህግ የተሰጠ ትርጉም የለውም። ስለዚህ የማንንም ልክ ይዞ የሚሰፋ ልብስ ነው። ጢሙን ላስረዘመው ይሆናል፤ ኒቃብ ለለበሰችው ይሆናል፤ ጁሙዓ ላይ ተክቢራ ላሰማው ይሆናል፤ «መሪዎቼን ራሴ ልምረጥ» ላለው ሁሉ ይሆናል። አንድ ነፍሰ ገዳይ ሲፈለግ የሚፈለገው አንድ ሰው ነው፤ ግፋ ቢል ግብረ አበሮቹ ናቸው። «አክራሪ» ሲፈለግ ግን የሚፈለገው መስጂድ ሙሉ ሰው ነው። የጀመዓው ስጋት እዚህ ላይ ነው። አባቶቻችን «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ነው።

ለምን አናምንም?

ባለስልጣናት «ህዝቡ ለምን መግለጫችንን አያምንም? ለምን አሉባልታ ይሰማል?» እያሉ ይወቅሱናል። መልሱ ረጅም አይደለም፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። እምነት በአዋጅ አይገኝም፤ ከተግባር ተጠራቅሞ የሚመጣ ነው። ያየነውን እንቁጠር።

በሐምሌ 2004 ህዝቡ የመረጣቸው የመፍትሄ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላትና ሌሎች ወንድሞች ታሰሩ፤ በማዕከላዊ ተመረመሩ። ጥቅምት 19/2005 በሽብር ተከሰሱ። ጥር 14/2005 ችሎቱ ለህዝብ ዝግ እንዲሆን ተደረገ። ቤተሰብ፣ ጋዜጠኛና ዲፕሎማት ከደጅ ቀሩ። የተሰጠው ምክንያት የምስክሮች ደህንነት ነበር። ልክ ሁለት ሳምንት ሲሞላ፣ ጥር 28/2005፣ «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘው ፊልም በኢቲቪ ተላለፈ። ፍርድ ቤት እንዳይተላለፍ ያገደው ፊልም ነበር። እነዚያው ችሎታቸው የተዘጋባቸው ሰዎች በምርመራ ክፍል ውስጥ፣ በካቴና ታስረው ሲናገሩ ለአገር ምድሩ ታዩ።

እስቲ ሁለቱን ቀናት ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ተከሳሹ ጠበቃ ቆሞለት፣ ምስክር ተጠይቆ፣ ዳኛ መዝኖ የሚሰማበት ቦታ ተዘጋ። ተከሳሹ ብቻውን ከመርማሪው ጋር ያለበት ክፍል ግን ተከፈተ። ህዝብ ሊያየው የሚገባው ተደበቀ፤ መታየት የሌለበት ታየ። ከዚህ በኋላ «ሚስጥሩ ለምርመራው ጥቅም ነው» የሚለውን ቃል በምን ሆዳችን እንቀበለው?

ወደ ኋላ እንሂድ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የፈሰሰውን ደም እንዲያጣራ ፓርላማው ራሱ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አረጋገጠ፤ ቁጥሩ መንግስት አስቀድሞ ይናገር ከነበረው በብዙ የሚበልጥ ነበር። አብዛኞቹ አባላት የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነው ሲሉ ድምፅ ሰጡ። ከዚያ ምን ሆነ? ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬህይወት ሳሙኤል አገር ጥለው ወጡ፤ ውሳኔያቸውን እንዲቀይሩ ጫና እንደተደረገባቸውም ለዓለም ተናገሩ። ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ደግሞ እርምጃው ተገቢ ነበር የሚል ሆነ። እዚህ ላይ የተጎዳው ሙስሊሙ ብቻ አልነበረም፤ መላው የአገሪቱ ህዝብ ነበር። በሽታው የቆየ መሆኑን ለማሳየት ነው ያነሳነው።

መስከረም 6/1999 በአዲስ አበባ ሦስት ፈንጂዎች ፈነዱ፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ። መንግስት ጣቱን በኦነግና በኤርትራ ላይ ቀሰረ። ዊኪሊክስ በኋላ ይፋ ያደረገው የአሜሪካ ኤምባሲ የውስጥ መልዕክት ግን ፈንጂው የራሱ የመንግስት የፀጥታ ኃይሎች ስራ ሊሆን እንደሚችል የሚያመላክት መረጃ ኤምባሲው እንደነበረው ያሳያል። «ሊሆን ይችላል» ነው ያለው፤ እኛም ከዚያ አንጨምርም። ነገር ግን አንድ ህዝብ የአገሩን ጉዳይ ከውጭ ኤምባሲ ሾልኮ ከወጣ ወረቀት የሚያነብ ከሆነ ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም።

በቅርቡ ያየነውም አለ። ሚያዝያ 19/2004 በአርሲ አሳሳ ወገኖቻችን ተገደሉ። ጥቅምት 11/2005 በወሎ ገርባ የሰው ህይወት ጠፋ። ማን አዘዘ? ማን ተኮሰ? ተጠያቂውስ ማን ነው? እነዚህን ሁለት ደሞች ገለልተኛ አካል አጣርቶ ለህዝብ ያቀረበበት ቀን የለም። የሼኽ ኑሩ ደም ደም ከሆነ የአሳሳና የገርባም ደም ነው። ለአንዱ ሰልፍ ጠርቶ ለሌላው አፍ የሚያዘጋ መንግስት ለፍትህ ያዘነ አይመስልም።

ሚስጥሩ ከማን ነው?

«ምርመራ ሚስጥር ይፈልጋል» የሚል መልስ እንሰማለን። በመርህ ደረጃ አንክድም። ተጠርጣሪው እንዳያመልጥ፣ ምስክር እንዳይፈራራ፣ ማስረጃ እንዳይጠፋ መርማሪ የሚይዘው ሚስጥር አለ። ይህ ሚስጥር ግን ሁለት ምልክቶች አሉት። አንደኛው ለሁሉም እኩል ሚስጥር መሆኑ ነው፤ መርማሪው ከተከሳሽ ጠበቃ የደበቀውን ለካሜራ አይሰጥም። ሁለተኛው ጊዜ ያለው መሆኑ ነው፤ ክስ ሲመሰረት ያበቃል፣ ማስረጃው በችሎት ፊት ይዘረጋል። በአገራችን ያለው ሚስጥር ሁለቱም የሉትም። ለጠበቃ ሚስጥር ሆኖ ለኢቲቪ ክፍት ነው፤ ምርመራው አልቆም ችሎቱ ውስጥ ይቀጥላል።

የአገሪቱ ህግ የሚለውን እንይ። የህገ መንግስቱ አንቀፅ 12 የመንግስት አሰራር ለህዝብ ግልፅ እንዲሆን ያዛል። አንቀፅ 20 የተከሰሰ ሰው በግልፅ ችሎት የመሰማት መብት እንዳለው፣ ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥም ንፁህ ሆኖ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። ችሎት የሚዘጋባቸውን ምክንያቶችም ይኸው አንቀፅ ጥቂት አድርጎ ቆጥሯቸዋል። አንቀፅ 19 በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ እንደማይሆን ይናገራል። የመረጃ ነፃነት አዋጅ 590/2000 ደግሞ ዜጋ ከመንግስት መስሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የፀረ ሽብር አዋጁ፣ ቁጥር 652/2001፣ በ2012 እስኪሻር ድረስ ተጭኖ ነበር። በዚህ አዋጅ የደህንነት ሪፖርት ምንጩና የተገኘበት ዘዴ ሳይገለፅ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብ ነበር። የስሚ ስሚም ተቀባይነት ነበረው። ሰው ያለ ክስ እስከ አራት ወር በምርመራ ስም ሊታሰር ይችል ነበር። አንድ ሰው ምንጩን በማያውቀው ማስረጃ፣ ፊቱን በማያየው ምስክር፣ ህዝብ በማይገባበት ችሎት ሲፈረድበት ውሳኔው ትክክል እንኳ ቢሆን ትክክለኛነቱን ማን ሊመሰክርለት ይችላል? የደሴው ጉዳይም በዚሁ መንገድ ከሄደ፣ እውነተኛው ገዳይ ቢያዝና ቢፈረድበት እንኳ ህዝቡ አያምንም። በተዘጋ በር ውስጥ እውነትና ውሸት አንድ መልክ አላቸው። ስለዚህ ሚስጥረኝነቱ መንግስትንም ይጎዳል፤ ከማንም በላይ ግን የሟቹን ልጆች ይጎዳል። አባታቸውን ማን እንደገደለባቸው ከጥርጣሬ በፀዳ መንገድ የማወቅ መብት አላቸው።

የዩሱፍ ቀሚስ

መስጂድ የሚመላለስ ሰው ሱረቱ ዩሱፍን ያውቃል። በዚያ ታሪክ ውስጥ ስለ ወንጀልና ስለ ማስረጃ ትልቅ ትምህርት አለ።

ወንድሞቹ ዩሱፍን ጉድጓድ ጥለው ማታ እያለቀሱ ወደ አባታቸው መጡ፤ «ተኩላ በላው» ብለው በሐሰት ደም የተነከረ ቀሚስ አቀረቡ። ለቅሶ ነበር፤ ደም ነበር፤ ቀሚስም ነበር። የቁርኣን ተንታኞች እንደሚሉት ግን ቀሚሱ አልተቀደደም ነበር። ተኩላው ልጁን ሲበላ ቀሚሱን አውልቆለት ነው? የዕቁብ (ዓለይሂ ሰላም) በለቅሶው አልተታለሉም፤ ነፍሳችሁ ያማረላችሁ ነገር ነው አሏቸው፤ መልካም ሶብርን ያዙ። የቀረበለትን ደም አይቶ ወዲያው «ተኩላው ይገደል» ብሎ የሚጮህ ሰው ከየዕቁብ መንገድ የራቀ ነው።

ሁለተኛው ቀሚስ በግብፅ ነው። ዩሱፍ በሐሰት ተከሰሱ፤ ከከሳሿ ቤተሰብ የሆነ ሰው መፈተኛውን አስቀመጠ። ቀሚሱ ከፊት ከተቀደደ እሷ እውነተኛ ናት፤ ከኋላ ከተቀደደ እሱ እውነተኛ ነው። ቀሚሱ ታየ፤ ከኋላ ተቀዶ ተገኘ። እውነቱ ተገለጠ። ከዚያስ? ምልክቶቹን ሁሉ ካዩ በኋላ ዩሱፍን ለጊዜው ማሰሩ ይሻላል አሉ። ልብ በሉ! የታሰሩት ማስረጃ ስለተገኘባቸው አይደለም፤ ንፅህናቸው ስለታወቀ ነው። የቤተ መንግስቱን ገበና ለመሸፈን የአንድ ንፁህ ሰው ዕድሜ መክፈያ ሆነ።

የታሪኩ ጥልቅ ትምህርት ግን ወደ መጨረሻው ነው። ከዓመታት በኋላ ንጉሱ «አምጡልኝ» ብሎ መልዕክተኛ ሲልክ፣ የእስር ቤቱ በር ወለል ብሎ ሲከፈት፣ ዩሱፍ (ዓለይሂ ሰላም) አልወጡም። ወደ ጌታህ ተመለስ፣ የእነዚያን ሴቶች ጉዳይ ጠይቀው አሉ። ጉዳዩ እንዲጣራ ፈለጉ። ሴቶቹ ተጠየቁ፤ እውነቱን ተናገሩ፤ ከሳሿም ራሷ አመነች። ዩሱፍ የወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ነፃነት ብቻውን አልበቃቸውም፤ እውነቱ በይፋ እንዲታወቅ ፈለጉ። ከቃሊቲ ደጅ ሆነን «ችሎቱ ይከፈት» ያልነው በዚህ ሱና ላይ ቆመን ነው። ምህረት አንለምንም፤ እውነቱ ይጣራ ነው የምንለው።

ለራሳችን የምንለው

መንግስትን የምንለካበት ሚዛን ለእኛም ይሰራል። በሱረቱል ሑጁራት የታዘዝነው ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ነው፤ ትዕዛዙ የወረደውም ለአማኞች ነው። በመካከላችን «የገደላቸው መንግስት ራሱ ነው፣ በእርግጠኝነት እናውቃለን» እያሉ የሚምሉ አሉ። ማስረጃ አላችሁ? ካላችሁ አውጡት፤ ከሌላችሁ አትማሉ። መንግስት ያለ ማስረጃ ስለወነጀለን እኛም ያለ ማስረጃ የመወንጀል ፈቃድ አላገኘንም። መጠርጠር ይቻላል፤ በጥርጣሬ መፍረድ ግን አይቻልም።

በሱረቱ ኒሳእ የተወሳውን የጥሩር ታሪክ አስታውሱ። በመዲና አንድ ሰው የጦር ልብስ ሰርቆ በአንድ የሁዳዊ ላይ አላከከ፤ ዘመዶቹም ሊከላከሉለት ተነሱ። ለማን ቁርኣን ወረደ? በሐሰት ለተወነጀለው የሁዳዊ! «የእኛ ወገን ነው» ብሎ ለከዳተኛ መከራከር ተከለከለ። ስለዚህ በደሴው ግድያ እጁ ያለበት ሰው ማንም ይሁን ማን፣ በእኛ ስም ቢነግድ እንኳ፣ የምንደብቀው የለንም። በግልፅ ችሎት ይቅረብ፤ በማስረጃ ይፈረድበት። ይህንን ለማለት የማይደፍር «ፍትህ» ብሎ የመጮህ አቅም የለውም።

የሟቹ ሞት ያስደሰተው ካለም አላህን ይፍራ። በዚህ በተከበረ ወር ከኢፍጣር በፊት ባለችው ሰዓት ለሟቹም፣ ለአሳሳና ለገርባ ሸሂዶችም፣ በእስር ለነበሩ ወንድሞቻችንም ዱዓ እናድርግ። ለትንኮሳ መልስ አንስጥ። ሰላማዊነታችን ትጥቃችን ነው፤ እሱን ሊያስጥለን የሚፈልግ ብዙ ነው።

የምንጠይቀው

ጥያቄዎቻችን ግልፅ ናቸው።

1ኛ. የሼኽ ኑሩ ይማም ግድያ ከፖሊስና ከደህንነት ተፅዕኖ ነፃ በሆነ፣ ሙስሊሙ ህብረተሰብ በሚያምናቸው ሰዎች በሚታዘብ አካል ይጣራ፤ ውጤቱም ሳይቆራረጥ ለህዝብ ይቅረብ።

2ኛ. በግድያው ተጠርጥሮ የሚያዝ ማንኛውም ሰው ጠበቃውንና ቤተሰቡን ያግኝ፤ ቃሉ በማዕከላዊ ካሜራ ፊት ሳይሆን በዳኛ ፊት ይሰማ፤ ችሎቱ ለህዝብና ለጋዜጠኛ ክፍት ይሁን።

3ኛ. የመንግስት ሚዲያዎች ፍርድ ቤት ያልሰጠውን ፍርድ ከመስጠት ይቆጠቡ፤ ግድያውን ከህዝበ ሙስሊሙ የመብት ጥያቄ ጋር ማያያዙን ያቁሙ።

4ኛ. የኮሚቴዎቻችን ችሎት ይከፈት። መንግስት ማስረጃዬ ጠንካራ ነው የሚል ከሆነ ህዝቡ እንዲሰማው ከማንም በላይ ሊፈልግ የሚገባው እሱ ራሱ ነው።

5ኛ. የአሳሳና የገርባ ግድያዎች በተመሳሳይ መልኩ ይጣሩ፤ ያዘዙና የተኮሱ ይጠየቁ።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ለመንግስት የሚከብድ አይደለም፤ ህገ መንግስቱን ማክበር ብቻ በቂ ነው። የተደበቀ ነገር ከሌለ የሚከፈት በር አያስፈራም። በሩ እንደተዘጋ ከቀጠለ ግን ህዝቡ ከመዘጋቱ የራሱን ድምዳሜ ይወስዳል፤ ያኔ የሚወቀስ አይኖርም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በዚህች ዓለም ፍርድ ቤት የተደበቀ ፋይል ሁሉ ምስክር በማያስፈራራበት፣ ካሜራ በማያስፈልግበት፣ እጅና እግር ራሳቸው በሚናገሩበት ቀን ይከፈታል። እስከዚያው ግን በሰላም፣ በሶብርና በአንድነት እንጠይቃለን።

ያ አላህ! የተበዳዮችን እውነት አውጣ፤ የታሰሩትን በክብር አስፈታ፤ አገራችንን ከደምና ከፊትና ጠብቅ። አሚን!

ድምፃችን ይሰማ!
አላሁ አክበር!